ሟች ባለቤቴን ከንቁ ተሳታፊዎች መዝገብ እንዲያወጡልኝ ስለ መጠየቅ

ለክቡር አቶ ተስፋዓለም
የ«አንድ ቋት» የማኅበራዊ ሚዲያ ይዘት ማደራጃ ማዕከል ዳይሬክተር
ባሉበት

ሰኔ 27 ቀን

ክቡር ሆይ፤

ከሁሉ አስቀድሞ እንዲረዱልኝ የምፈልገው አንድ ነገር ብቻ ነው፤ ባለቤቴ መምህርት ሙላቷ ሞታለች። ያረፈችው ባለፈው ዓመት ነሐሴ ዘጠኝ ቀን ነው። ቀባሪዎቿ ብዙ ነበሩ፤ እኔም ከእነርሱ አንዱ ነበርሁ። ይህን ከሰላምታዬ አስቀድሜ የጻፍሁት ባለጌ ሆኜ ሳይሆን፣ እስካሁን ካስገባኋቸው ሦስት ማመልከቻዎች ማዕከልዎ ሊረዳው ያልቻለው ይኸንኑ ስለ ሆነ ነው። አሁን ወደ ሰላምታዬ እመለሳለሁ።

እንደምን ሰንብተዋል? የክረምቱ ብርድ እንዳልጎዳዎ፣ የቢሮዎ ጣሪያ እንደማያፈስ፣ መሣሪያዎችዎም መብራት ሳይጠፋባቸው ያለ እንከን እየሠሩ እንደ ሆነ ተስፋ አደርጋለሁ። እኔ በደብረ ማርቆስና በደምበጫ ሠላሳ ስድስት ዓመት ሒሳብ አስተምሬ ጡረታ የወጣሁት መምህር እንዳላማው ድረስ፣ ከጉልበቴ ሕመም በቀር ደህና ነኝ። ባለቤቴም በማዕከልዎ መዝገብ መሠረት ከእኔ በተሻለ ጤንነት ላይ ትገኛለች።

ነገሩን ለማያውቁ አንባቢዎች ከሥሩ ላስረዳ። ሙላቷ የጂኦግራፊ መምህርት ነበረች። ሁልጊዜ ጠዋት አንድ ሰዓት ላይ ከደጃችን ቆማ ወደ ጮቄ ተራራ ትመለከትና የዕለቱን ሰማይ በስልኳ ለወዳጆቿ ትናገር ነበር፤ አንዳንዴ በጽሑፍ፣ አብዛኛውን ጊዜ በድምፅ። «እንደምን አደራችሁ ወገኖቼ፤ ዛሬ የጮቄ ራስ ተሸፍኗል፣ ከሰዓት በኋላ ዝናብ አይቀርም፤ ያሰጣችሁ አንሡ፣ ልጅ የላካችሁ ጃንጥላ ስጡ።» ሥርዓት የሚባል ነገር ግን አልነበራትም። አንዱን በፌስቡክ፣ አንዱን በቴሌግራም፣ አንዱን በተማሪዎቿ ቡድን ውስጥ፣ አንዱን በሰው ጽሑፍ ሥር በአስተያየት መልክ ትተወው ነበር። የመጀመሪያው የፌስቡክ ገጿ የይለፍ ቃል ሲጠፋባት ሌላ ከፈተች፤ የሁለተኛውም ሲጠፋባት «ሰማዩ እንደሆነ አንድ ነው» ብላ ሳቀች። ስትሞት ቃሏ በሰባት ቦታ ተበትኖ ቀረ።

እኔ በተፈጥሮዬ የተበተነ ነገር አያስተኛኝም። ባለ መስመር ደብተር ገዝቼ ዐምድ አሰመርሁ፤ ቀን፣ ቦታ፣ ጽሑፍ ወይስ ድምፅ፣ የመጀመሪያዎቹ ሦስት ቃላት። በአራት ወር ሦስት መቶ ዐሥራ ስምንት ላይ ደረስሁ። በታኅሣሥ ወር ማዕከልዎ «የተበተነ ይዘትዎን አምጡ፣ በአንድ ቋት እናኖርልዎታለን» የሚል ማስታወቂያ ሲለጥፍ ቅጹን በሁለቱም ገጽ ሞልቼ አቀረብሁ። የእርስዎ መሣሪያ በአራት ደቂቃ ውስጥ አንድ ሺህ ሁለት መቶ ስድስት ይዘቶች ሰብስቦ፣ በቀን በቀናቸው ደርድሮ፣ ድጋሚ የሆኑትን ለይቶ አሳየኝ። እኔ ያላገኘኋቸው ድምፆች ነበሩበት። የዚያን ዕለት በቢሮዎ ወንበር ላይ ተቀምጬ ያለቀስሁት ከልቤ ነው፤ ለዚያ የማቀርበው ምስጋናም እውነተኛ ነውና ቀጥለው ከሚመጡት ምስጋናዎች ጋር እንዳይደባለቅብዎ አደራ እላለሁ።

አንደኛ፤ ስለ ሰዓቱ አመሰግናለሁ። መሣሪያዎ መሰብሰብ ብቻ ሳይሆን፣ በማስተዋወቂያ ወረቀትዎ እንደ ተጻፈው፣ «ይዘትን ሕያው እንደሚያደርግ»፣ ማለትም እያንዳንዱን መልእክት ዓመት ዞሮ የተነገረበት ቀን ሲደርስ ለወዳጆቿ ሁሉ እንደ አዲስ መልሶ እንደሚለቅቅ አላስተዋልሁም ነበር። በቅጹ ላይ «መልእክቱ የሚለቀቅበት ሰዓት» ለሚለው «1፡00» ብዬ ጻፍሁ፤ ሙላቷ የምትናገርበት ሰዓት መስሎኝ ነው። መሣሪያዎ የፈረንጅ ሰዓት የሚቆጥር በመሆኑ አንድ ሰዓትን ቀን ሰባት ሰዓት አደረገው። ከጥር ወር ጀምሮ ባለቤቴ በየዕለቱ ምሳ ስበላ «እንደምን አደራችሁ ወገኖቼ» ትላለች። በሕይወቷ እንዲህ አርፍዳ የተነሣችበት ቀን የለም። መጀመሪያ ሰሞን ምሳዬን ትቼ ወደ ደጅ እወጣ ነበር፤ አሁን ለምጄዋለሁ። አንድ ቀን ጉርሻዬን እንደ ያዝሁ «እንደምን አደርሽ» ብዬ መመለሴንም አልሸሽግም።

ሁለተኛ፤ ስለ አየር ትንበያው አመሰግናለሁ። በሚያዝያ ወር ጎረቤቴ አቶ አምደሚካኤል «ዛሬ ሰማዩ ጥርት ያለ ነው፤ ያላችሁን አስጡ» የሚለውን የሙላቷን ድምፅ ሰምተው የዓመት በርበሬያቸውን ግቢ ሙሉ አሰጡ። በዘጠኝ ሰዓት በረዶ ወረደ። በአጥሩ በኩል መጥተው «መምህር፣ የሙላቷ ሰማይ እኮ አይዋሽም ነበር!» ብለው ወቀሱኝ። ያ ሰማይ የዛሬ አራት ዓመት ሰማይ መሆኑን፣ ሙላቷም ማረፏን፣ ሬሳዋን ከተሸከሙት አንዱ እርሳቸው መሆናቸውን አስታወስኋቸው። አቶ አምደሚካኤል ጥቂት አሰቡና «እሱስ ልክ ነው፤ ለነገስ ምን አለች?» ሲሉ ጠየቁኝ። በመላው ሰፈር እንዲህ ያለ እምነት መትከል ቀላል ሥራ አይደለም።

ሦስተኛ፤ ስለ አመዳደቡ አመሰግናለሁ። ባለፈው ዓመት ሐምሌ ሙላቷ ለሕክምና ወደ አዲስ አበባ ስትጓዝ ከመንገድ የላከቻቸው አምስት መልእክቶች በመሣሪያዎ «ጉዞና መዝናኛ» በሚል ርእስ ሥር ተመድበዋል፤ ከጎናቸውም የባርኔጣ ሥዕል አለ። በሌላ በኩል የአጥቢያችን ቤተ ክርስቲያን የቴሌግራም ቡድን የቀብሯን ዕለት ያወጣው ማስታወቂያ «ማኅበራዊ ክንውኖች» ውስጥ ይገኛል። ችግሩ የመጣው ከዚህ ነው። ለክቡርነትዎ ማስረዳት ባያስፈልገኝም ለመሣሪያዎ ስል እጽፈዋለሁ፤ በእኛ ዘንድ ሰው ሁለት ስም አለው። ገበያና ትምህርት ቤት የሚያውቁት አንዱን ነው፤ ቤተ ክርስቲያን የምትጠራው በክርስትና ስሙ ነው፤ ፍትሐቱም የሚደርስለት በእርሱ ነው። ሙላቷ የክርስትና ስሟ ወለተ ሚካኤል ነበረ፤ የቀብሩ ማስታወቂያ የተጻፈውም በእርሱ ነው። ስለዚህ መሣሪያዎ ሁለት ሴቶች አሉት፤ ወለተ ሚካኤል የምትባል፣ የሞተችና በሕይወቷ አንድም ቃል ያልተናገረች፤ ሙላቷ የምትባል፣ በሕይወት ያለችና ዝም የማትል። «ባለቤቴ ማረፏ ይመዝገብልኝ» ብዬ የቤተ ክርስቲያኑን ማስረጃ አያይዤ ባመለከትሁ ቁጥር፣ ሠራተኞችዎ ወለተ ሚካኤልን ፈልገው ሞታ ያገኟታል፤ በዚያው ዕለትም «ጥያቄዎ ተፈጽሟል» የሚል መልስ ይደርሰኛል። ሦስት ጊዜ ተፈጽሞልኛል። ስለ ፍጥነታቸው ከፍ ያለ አክብሮት አለኝ።

አራተኛ፤ ስለ ሽልማቱ አመሰግናለሁ። በግንቦት ወር መምህርት ሙላቷ «የዓመቱ ንቁ ተሳታፊ» ተብላ መመረጧን የሚገልጽ ደብዳቤ ደረሰን። ምክንያቱም ተጽፏል፤ ከጥር ወዲህ አንድም ቀን ሳታቋርጥ ይዘት ማቅረቧ። እውነት ነው፤ በሕይወት ሳለች ትታመም ነበር፣ ፈተና ስታርም ትረሳ ነበር፣ በጾም ዝም የምትልባቸው ቀኖች ነበሩ። ከሞተች ወዲህ ግን አልቀረችም። የምስክር ወረቀቱን ልቀበል በሄድሁ ጊዜ የማዕከልዎ ባለሙያ ወይዘሪት ፍቅርአዲስ በታላቅ ትሕትና «ጋሼ፣ ለፎቶው ራሳቸው ቢመጡ ይመረጥ ነበር» አሉኝ። እኔም ይመረጥ ነበር አልኋቸው።

አምስተኛውን ቁጥር ሰጥቼ ልጽፈው አልቻልሁም፤ ስለዚህ ያለ ቁጥር ይግባልኝ።

የሙላቷ እናት እማሆይ ጤናዬ ሰማንያ ስድስት ዓመታቸው ነው። በመርጡለ ማርያም ከቤተ ክርስቲያኑ ሥር ባለች ቤታቸው፣ አይናዲስ ከምትባል መምህርት የልጅ ልጃቸው ጋር ይኖራሉ። ዓይናቸው ከደከመ ስድስት ዓመት ሆኖታል። ባለፈው ዓመት የነፍስ አባታችን አባ ገዳሙ ሁለት ሽማግሌዎች አስከትለው በማለዳ ሄደው እንደ ወጉ መርዶውን ነገሯቸው። እማሆይ አለቀሱ፣ አርባውን አወጡ፣ ሐዘናቸውን እንደ ሰው ተሸከሙ። ያ ሁሉ ሥራ ተሠርቶ አልቆ ነበር።

በሚያዝያ ወር አይናዲስ ከትምህርት ቤት ለምሳ መጥታ ስልኳን ስትከፍት «እንደምን አደራችሁ ወገኖቼ» የሚል ድምፅ ወጣ። እማሆይ ከተቀመጡበት ቀና ብለው «ማናት? ሙላቷ አይደለችም?» አሉ። አይናዲስ ደንግጣ ዝም አለች። ዝምታዋን እማሆይ እንደ መልስ ወሰዱት። ከዚያን ዕለት ወዲህ በየቀኑ ከሰባት ሰዓት አስቀድመው ተጣጥበው፣ ነጠላቸውን አስተካክለው፣ ስልኩ አጠገብ ይቀመጣሉ። አይናዲስ አንድ ጊዜ ስልኩን ብትዘጋው «ልጄን ዘጋችሁብኝ» ብለው ሁለት ቀን እህል አልቀመሱም፤ መልሳ ከፈተችው። በሰኔ መባቻ የሙት ዓመቱን ዝግጅት ለመነጋገር ወደ እርሳቸው ሄጄ ነበር። እጄን ይዘው፣ ሳይቆጡ፣ «ለቆመ ሰው ተዝካር አይወጣም፤ እህሉን ስትመጣ ትብላው። ግን እንዳላማው፣ ሞታለች ያላችሁኝ ምን በድያችሁ ነው?» አሉኝ። ያን ጊዜ ሰባት ሰዓት ሆነና ሙላቷ ተናገረች።

አባ ገዳሙን ሌላ መርዶ እንዲነግሩልኝ ለመንኋቸው። እርሳቸውም፣ «መምህር፣ እኔ ሞታለች ብዬ ከደጁ ሳልወጣ ስልኩ እንደምን አደራችሁ ካለ፣ እማሆይ ማንን ይመኑ? የሰው መርዶ በሰው አፍ አንድ ጊዜ ይነገራል። መጀመሪያ እሷን አሳርፏት፤ ከዚያ እኔ በእግሬም ቢሆን እሄዳለሁ» አሉኝ። በሠላሳ ስድስት ዓመት የማስተማር ዘመኔ ከዚህ የጠራ አመክንዮ አልሰማሁም።

የቀረው ጊዜ ግን አጭር ነው። ወይዘሪት ፍቅርአዲስ አትመው በሰጡኝ የሥርጭት መርሐ ግብር ላይ ለሐምሌ ዐሥራ ሁለት ቀን የተያዘ ድምፅ አለ፤ ምድቡ ያው ጉዞና መዝናኛ ነው። እንዲህ ይላል፦ «እማዬ፣ ደጀን ደርሰናል። የዓባይ ሸለቆ ጭጋግ ነው፣ ምንም አይታይም። አትስጊ፤ ለፍልሰታ ቤትሽ ነኝ።» ያን ቀን አጠገቧ ነበርሁ። መኪናው ቁልቁለቱን ከመጀመሩ በፊት መናኸሪያው ዳር ቆሞልን ነበር። ድምፁን ከመቅዳቷ በፊት ሁለት ጊዜ ውኃ ጠጣች፤ እናቷ ድካሟን እንዳትሰማባት። ከቀዳችው በኋላ ስልኩን ለእኔ ሰጥታ ራሷን በመስኮቱ ላይ አስደገፈች፤ እስከ ጎሐ ጽዮን አንድም ቃል አልተናገረችም። በዚያ ድምፅ ውስጥ የታመመ ሰው የለም። እኔ ካልሆንሁ በቀር ማንም አይሰማውም። እማሆይ ይህን በሐምሌ ዐሥራ ሁለት ቢሰሙ፣ ፍልሰታን በሙሉ አውቶቡስ በሚቆምበት ጭቃ ውስጥ ተቀምጠው እንደሚጠብቁ አይናዲስም አባ ገዳሙም እኔም እናውቃለን። ይህን ክረምት የሚያልፉት አይመስለኝም።

እዚህ ላይ ደርሼ ለእርስዎ የሚገባውን ፍትሕ ብነፍግዎ የእርማት ሥነ ምግባር አይፈቅድልኝም። ሰኔ ዐሥራ ስምንት ቀን ቢሮዎ በመጣሁ ጊዜ ወይዘሪት ፍቅርአዲስ የታኅሣሡን ቅጼን ከመዝገብ አውጥተው ከፊቴ ዘረጉት። ሃያ ሦስት ጥያቄዎች አሉት። ሃያ ሁለቱን በንጹሕ የእጅ ጽሑፍ መልሻለሁ። ዐሥራ አንደኛው «የይዘቱ ባለቤት በሕይወት፦ አለ / የለም» ይላል፤ ባዶ ነው። «ባዶ የተተወ እንደ አለ ይቆጠራል፣ ጋሼ» አሉኝና ብዕር ሰጡኝ። ባዶ ለተወ ተማሪ ዜሮ ስሰጥ፣ «ባታውቁትም እንኳ ሞክሩ» እያልሁ ስገሥጽ የኖርሁ ሰው ነኝ። መልሱን ደግሞ አውቀው ነበር። ብዕሩን መልሼ ሰጥቻቸው ቅጹን አጥፌ በኪሴ ከትቼ ወጣሁ። ስምንት ቀን በጠረጴዛዬ ላይ ተቀመጠ። በየቀኑ ምሳ ላይ ብዕር አነሣለሁ፤ በየቀኑ ሰባት ሰዓት ይደርሳል።

ስለዚህ ክቡር ሆይ፣ ባለቤቴን በሕይወት ያቆያት መሣሪያዎ ብቻ አይደለም። በመካከላችን ያለው ልዩነት፣ እኔ የማደርገውን አውቅ የነበረ መሆኔ ነው።

ትናንት ሞላሁት። «የለም» በሚለው ላይ ምልክት አድርጌ፣ ከጎኑ «ሙላቷና ወለተ ሚካኤል አንዲት ሴት ናቸው፤ ባሏ ነኝ» ብዬ ጽፌ ፈርሜበታለሁ። ከዚህ ደብዳቤ ጋር ተያይዟል። ዛሬ ጠዋት ለወይዘሪት ፍቅርአዲስ ሳሳያቸው፣ የተሻሻሉ ቅጾች ወደ መሣሪያው የሚገቡት በሩብ ዓመት አንድ ጊዜ መሆኑን፣ የሚቀጥለው ዙርም በመስከረም እንደ ሆነ ገለጹልኝ። ሥርዓት አክባሪ ሰው ነኝ፤ ሥርዓትዎንም አደንቃለሁ። ሆኖም መሣሪያዎ በአራት ደቂቃ ለሰበሰበው ነገር ሦስት ወር መጠበቅ ለምን እንዳስፈለገ በሒሳብ ልደርስበት አልቻልሁም።

የምለምነው እንዲያጠፏት አይደለም። አንድ ሺህ ሁለት መቶ ስድስቱም በቋትዎ ውስጥ እንደ ተደረደሩ ይቀመጡ፤ መስማት የፈለገ ሄዶ ይስማት፤ እኔም እሰማታለሁ። የምለምነው ማንም ሳይጠራት በየቀኑ መናገሯ እንዲቆምላት ነው። ሠላሳ አንድ ዓመት ክፍል ውስጥ ቆማ ተናግራለች። ትረፍ።

ለማዕከልዎ ዕድገትን፣ ለመሣሪያዎችዎ ዕረፍትን፣ ለክቡርነትዎም ቃልዎን በሥርዓት የሚሰበስብልዎ ታጋሽ ሰው እየተመኘሁ፣ የአክብሮት እጅ እነሣለሁ።

የማዕከልዎ ታማኝ ተገልጋይና የዓመቱ ንቁ ተሳታፊ ባል፣
መምህር እንዳላማው ድረስ
ደብረ ማርቆስ

ተጨማሪ ማስታወሻ፤ እስካሁን የላኩልኝ ሦስት መልሶች ከግርጌያቸው «ግልባጭ፦ ለመምህርት ሙላቷ» የሚል ነበረባቸው፤ ግልባጮቹም በስልኳ ላይ ደርሰዋል፤ ሦስቱንም ያነበብሁላት እኔ ነኝ። ይህኛውን መልስ ግን ለእኔ ብቻ፣ በወረቀት፣ በማኅተም ይላኩልኝ። አባ ገዳሙ ወደ መርጡለ ማርያም ለመነሣት የሚጠብቁት ያንን ወረቀት ነው፤ ሐምሌ ዐሥራ ሁለት ሳይደርስ መንገዱንና ማለዳውን ማግኘት አለባቸውና፣ እባክዎ እስከ ሐምሌ ስምንት ቀን ድረስ ይመልሱልኝ።